ጥያቄ፦ በባሕር ዳርቻ ሰፈሮች የቤተሰብ ገቢና የንጽህና ሥራ ተሳትፎ አልገናኝ አሉኝ

[የጠረፍ ተማሪ]

ሰላም ለሁላችሁ። እህታችሁ የማስተርስ መመረቂያ ጽሑፌን እየሠራሁ ነው። የያዝኩት ጉዳይ በባሕር ዳርቻ ሰፈሮች ሰዉ በሽንት ቤት፣ በፍሳሽና በቆሻሻ ሥራ ላይ የሚያደርገውን ተሳትፎ የቤተሰብ ገቢ ምን ያህል ይወስነዋል የሚል ነው። መላምቴ የተለመደው ነው፤ ገቢው ከፍ ያለ ቤተሰብ የበለጠ ይሳተፋል።

የሙከራ መጠይቁን ሰብስቤ ቁጭ ብዬ ሳየው ግን አልገጥም አለኝ። በጣም ድሃ የሚባሉት ቤተሰቦች ጉድጓድ ሲቆፈር፣ አሸዋ ሲጋዝ፣ ቦይ ሲጠረግ አሉ። ገንዘብ ሲዋጣ የሉም። ሻል ያሉት ደግሞ አንዴ ከፍለው ይገላገላሉ፣ ከዚያ በኋላ ስብሰባ ላይ ዝር አይሉም። ይበልጥ ግራ ያጋቡኝ መሃል ላይ ያሉት ናቸው። ስብሰባ ላይ እጃቸውን አውጥተው «እንከፍላለን» ይላሉ፣ ወሩ ሲደርስ የሉም።

የሰፈሩ ኮሚቴ አንድ የተማሪ ደብተር አለው። በግራ በኩል የእማወራና የአባወራ ስም፣ ከላይ ወራቱ፣ የከፈለ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ያልከፈለ በቀይ። ፀሐፊው ቀይ የበዛባቸውን ስሞች በጣቱ እያሳየኝ «እነዚህ ፍላጎት የላቸውም» አለኝ። ከእነሱ አንዷ ቤት ሄጄ ብጠይቃት «ፍላጎትማ አለን፣ እጃችን ላይ ሲኖር ግን ማንም አይመጣም» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ይህ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣም።

እንግዲህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። ገቢን እንደ ዋና ምክንያት መያዜ ያስኬዳል? ተሳትፎ የሚለውንስ በምን ልለካው? ድጎማ ይግባ ሲባልም «ሕዝቡን ያሰንፋል» የሚሉ አሉ፣ በዚህ ላይ የምታውቁትን ብትጽፉልኝ ደስ ይለኛል። በተለይ በሥራው ላይ የዋላችሁ ሰዎች።

[አካፋና መረብ]

እህቴ፣ ያ ደብተር ትልቅ ሀብት ነው። ፈቃድ ጠይቂና ገጽ በገጽ ፎቶ አንሺው።

እኔ በባሕር ዳርቻ ሰፈሮች ሕዝብ በማስተባበር ሥራ ላይ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። ባየሁት መጠን ገቢ ሰዉ ይሳተፍ አይሳተፍ የሚለውን አይወስንም። በምን ይሳተፋል የሚለውን ነው የሚወስነው። ያለው በገንዘብ፣ የሌለው በጉልበት። ችግሩ ሁለቱ እኩል አይቆጠሩም። ገንዘብ የከፈለ ደረሰኝ ይሰጠዋል፣ ስሙ ይጻፋል፣ ኮሚቴ ሲመረጥም ይታሰባል። ቀኑን ሙሉ ጭቃ ውስጥ ቆሞ የቆፈረውን ግን ማን ይጽፈዋል? የቀን ሠራተኛ ከሆነ ደግሞ ያቺ ቀን የልጆቹ ራት ናት። ማለትም ከገቢው አንጻር ካየነው ከማንም በላይ ያዋጣው እሱ ሆኖ ደብተሩ ላይ በቀይ የሚጻፈውም እሱ ነው።

ሁለተኛው ነገር ጊዜ ነው። የዓሣ አጥማጅን ገቢ «በወር ስንት ታገኛለህ» ብለሽ ብትጠይቂ መልስ ይሰጥሻል፣ መልሱ ግን ምንም አይነግርሽም። ጀልባው ሲገባ መጀመሪያ የነዳጁና የበረዶው ወጪ ይነሳል። ቀጥሎ የጀልባውና የመረቡ ባለቤት ድርሻውን ይወስዳል። የተረፈውን ነው አብረው የወጡት የሚካፈሉት። እሱም ቢሆን ብዙ ጊዜ ቀድሞ የተበላ ነው፣ ምክንያቱም ነጋዴው ባለፈው ለመረብና ለነዳጅ ያበደረውን እዚያው ዓሣው ሲራገፍ ያስከፍላል። የወጀቡ ወራት ሲመጣ ወይም ማጥመድ የሚከለከልበት ጊዜ ሲደርስ ጭራሽ አይወጣም። በጥሩው ወር ግን ገንዘቡ አለ፣ አንዳንዴ ከደሞዝተኛው በላይ አለ።

ታዲያ ኮሚቴው በየወሩ መጨረሻ እኩል መዋጮ ብሎ ሲያውጅ ሳያውቀው ለደሞዝተኛ የተሰፋ ልብስ ነው ለሁሉም የሚያለብሰው። መምህሩና የመንግሥት ሠራተኛው ይከፍላሉ። ዓሣ አጥማጁ ገንዘብ ሲኖረው የሚሰበስበው የለም፣ ሲመጡበት ደግሞ የለውም። ያቺ ሴትዮ የነገረችሽ ይህን ነው።

የስብሰባ ሰዓትም እንደዚያው ነው። ጀልባ የሚወጣው በባሕሩ ሰዓት ነው፣ ባሕሩ ሞልቶ የሚመጣበትና የሚሸሽበት ሰዓት ደግሞ በየቀኑ ይገፋል። ቋሚ የስብሰባ ቀንና ሰዓት አውጥተሽ «አልመጡም» ማለት አይቻልም። እነሱ በሌሉበት የሚወሰነውን እኮ ነው ኋላ አምጡ የሚባሉት።

ስለዚህ አንድ ነገር አድርጊልኝ። ደብተሩ ላይ ያሉትን ቀያይ ወራት ከወጀቡ ወራት ጋር ጎን ለጎን አስቀምጪያቸው። ምን እንደምታገኚ የምገምተው አለ፣ ግን አንቺው ብታዪው ይሻላል።

[የጓሮ ኢንጂነር]

አካፋና መረብ ስለ ገንዘቡ ጽፏል፣ እኔ ስለ መሬቱ ልጨምር፤ ይህ ካልገባ የገቢው ነገር ግማሹ ይጎድላል።

በባሕር ዳርቻ ድሃው የሚኖረው ዝቅ ያለው ቦታ ላይ ነው። ወደ ውሃው የቀረበው፣ የሚጥለቀለቀው፣ ማንም ያልፈለገው መሬት። እዚያ መሬት ላይ ደህና ሽንት ቤት መሥራት ከሌላው ቦታ ይበልጥ ይወደዳል። አሸዋ ስለሆነ ጉድጓዱ ካልተገነባ ይናዳል። ትንሽ ቆፈር ሲያደርጉ ውሃ ይመጣል። በአደጋ ጊዜ እርዳታ ላይ የሚሠራበት የስፌር መመዘኛ የጉድጓዱ ወለል ከከርሰ ምድር ውሃው ቢያንስ 1.5 ሜትር ከፍ ይበል፣ ከውሃ ምንጭም ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ ይላል። በተጨናነቀ የጠረፍ ሰፈር ውስጥ 30 ሜትር የት ይገኛል? በ30 ሜትር ውስጥ ስንት ቤትና ስንት የውሃ ጉድጓድ አለ!

ስለዚህ ወደ ታች መቆፈር ትተሽ ወደ ላይ ትወጫለሽ። መድረክ ሠርቶ፣ ደረጃ አድርጎ፣ ማጠራቀሚያውን ከመሬት በላይ መገንባት ማለት ነው። ብሎኬትና ሲሚንቶ ይጨምራል። ከዚያ ጨዉ አለ። የባሕር አየርና ጨዋማ ውሃ ኮንክሪቱ ውስጥ ገብቶ ፌሮውን ያዝገዋል፣ ፌሮው ሲዝግ ያብጣል፣ ያኔ ኮንክሪቱ ከውስጥ እየተሰነጠቀ ይረግፋል። በርካሽ የተሠራ ክዳን ላይ ይህን ለማየት ብዙ ዓመት መጠበቅ አያስፈልግም፤ ከሥር ጎንበስ ብለሽ ብታዪ ቡናማ መስመሩ ቀድሞ ይታያል፣ ከዚያ ቅርፊቱ መውደቅ ይጀምራል። ሰዉ ይህን ያውቃል። «ደግሞ ይሰነጠቃል» ብሎ የማያዋጣ ሰው ሰነፍ ሆኖ አይደለም፣ ያየውን አስታውሶ ነው።

በፓሲፊክ ውቅያኖስ ባለችው የደሴቶች አገር በኪሪባቲ፣ ደቡብ ታራዋ ያለውን ሁኔታ ብታነቢ ይጠቅምሻል። ደሴቶቹ ቀጭን የኮራል መሬት ናቸው። ከሥር ያለው ጣፋጭ ውሃ በጨዋማው ውሃ ላይ የተንሳፈፈ ስስ ሽፋን ነው። የሽንት ቤት ጉድጓድ ሲበዛ የሚጠጣው ውሃ ይበከላል፣ ሰው ደግሞ እስካሁን ባሕር ዳር ወጥቶ ይጸዳዳል። እዚያ «ለምን ሽንት ቤት አትቆፍሩም» ብሎ መገሠጽ ትርጉም የለውም። ውሃ የማይፈልግና ሽንትን ከዓይነ ምድር የሚለይ ደረቅ ሽንት ቤት ለእንዲህ ዓይነት ቦታ ይስማማል፣ ግን እሱም ከፍ ያለ ግንባታና በደንብ የተማረ ተጠቃሚ ይፈልጋል።

የአየር ጠባዩንም እዪው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2019 ኢዳይ የተባለው አውሎ ነፋስ የሞዛምቢክን የወደብ ከተማ ቤይራን መታ። ወሩ ሳያልቅ የኮሌራ ወረርሽኝ ታወጀ። እንዲህ ባለ ቦታ ሰው ያለውን አውጥቶ የሠራው ሽንት ቤት በአንድ ሌሊት ይሄዳል። ሁለተኛ ዙር አዋጡ ሲባል የሚመጣው ሰው ቁጥር ቢያንስ ልትገረሚ አይገባም። መጠይቅሽ ላይ «ከዚህ በፊት የሠራችሁት በጎርፍ ወይም በወጀብ ፈርሶባችኋል ወይ» የሚል ጥያቄ ከሌለ አስገቢ። እኔ ብሆን ከገቢው ጥያቄ በፊት ነው የማስገባው።

[ቁጥር ወዳድ]

ስለ መለኪያው ልመልስ።

መጀመሪያ አንድ ወጥመድ። ብዙ ሰው ገቢ ለመለካት ሲከብደው የሀብት መለኪያ ይጠቀማል፣ የቤት ዕቃ፣ ጣሪያ፣ ወለል፣ ስልክ እያሉ ቆጥረው ነጥብ የሚሰጡበት። ፊልመርና ፕሪቼት እ.ኤ.አ. በ2001 ካሳተሙት ጥናት ወዲህ በጣም የተለመደ ዘዴ ነው፣ ጥሩም ዘዴ ነው። ግን የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳዎች የሚጠቀሙበት የሀብት መለኪያ ውስጥ የሽንት ቤቱ ዓይነት ራሱ ነጥብ ያሰጣል። የውሃ ምንጩም እንደዚያው። ያንን መለኪያ እንዳለ አንስተሽ «ሀብታም ቤተሰብ የተሻለ ሽንት ቤት አለው» ብትይ ሽንት ቤትን በሽንት ቤት እያብራራሽ ነው። ሽንት ቤቱንና ውሃውን አውጪና እንደገና አስይው። በዚያ ምትክ ጀልባ፣ ሞተር፣ መረብ፣ የነጋዴ ዕዳ የሚባሉትን አስገቢ። ዕዳውን አትርሺ። ሞተር ኖሮት ሞተሩ በዕዳ የተያዘበት ሰው ከሌለው ሰው በብዙ አይሻልም።

ተሳትፎን በሚመለከት ሁሉንም ደምረሽ አንድ ነጥብ አታድርጊው። ገንዘብ ለብቻ፣ ጉልበት ለብቻ፣ ስብሰባ መገኘት ለብቻ፣ ውሳኔ ላይ ድምፅ ማግኘት ለብቻ፣ ከተሠራ በኋላ መጠበቅና ማጽዳት ለብቻ። ሼሪ አርንስታይን እ.ኤ.አ. በ1969 ባወጣችው ጽሑፍ ተሳትፎን በስምንት እርከን ከፍላዋለች፣ ከታች ለይስሙላ ከሚደረገው ጀምሮ እስከ ላይ ሕዝቡ ራሱ እስከሚያስተዳድረው ድረስ። ጉልበት ብቻ የሰጠና በምንም ውሳኔ ላይ ያልተጠየቀ ቤተሰብ «ከፍተኛ ተሳትፎ» የሚል ነጥብ ካገኘ ጥናትሽ ሰዎቹን ይበድላል። ሲደመር ደግሞ ሁለቱ ተጣፍተው «ገቢ ተጽዕኖ የለውም» የሚል ውጤት ይሰጥሻል። አሁን አልገጥም ያለሽ ምናልባት ይኸው ነው፤ ገቢ ገንዘቡን ወደ ላይ፣ ጉልበቱን ወደ ታች እየጎተተው።

ገቢን ደግሞ በጥሩ ወርና በመጥፎ ወር ለይተሽ ጠይቂ። የመጨረሻውን ወር ብቻ የጠየቅሽ እንደሆነ የምትለኪው ቤተሰቡን ሳይሆን አንቺ የሄድሽበትን ወር ነው።

ሌላው፣ ቤቶቹ እርስ በርስ ነጻ አይደሉም። ጎረቤት ሲሠራ ጎረቤት ይሠራል። ስለዚህ ትንተናው ላይ ሰፈሩን ወይም ጉራንጉሩን እንደ አንድ ቡድን ያዢው። ምክንያትና ውጤትም ሊገላበጥ ይችላል። ሽንት ቤት የሌለው ቤት ልጁ ይታመማል፣ ልጁ ሲታመም እናትየዋ ከሥራ ትቀራለች፣ ገቢው ይወርዳል። በአንድ ጊዜ መጠይቅ ይህን መለየት አትችይም። በጽሑፍሽ ውስጥ ግልጽ አድርገሽ ጻፊው።

[ግልጽ ነገር]

ሁላችሁም ጥሩ ጽፋችኋል፣ ግን ስለ ድጎማው ማንም አልተናገረም። እኔ አስተያየቴ ጠንከር ያለ ነው። በነጻ የተሰጠ ሽንት ቤት ዕቃ ማስቀመጫ ሲሆን አይቻለሁ። ሰው ያልለፋበትን አይጠብቅም። ማኅበረሰብ መር የሚባለውን የንጽህና ዘዴ ከማል ካር የተባለ የልማት ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1999 እና በ2000 አካባቢ ባንግላዴሽ ውስጥ የጀመረው በዚሁ እምነት ነው። ድጎማ የለም። ሰፈርተኛው አንድ ላይ ሆኖ የሚጸዳዳበትን ቦታ ይዞራል፣ በካርታ ያወጣል፣ ዓይነ ምድሩ እንዴት ወደ ምግብና ወደ ውሃ እንደሚመለስ በዓይኑ ያያል፣ ከዚያ ራሱ ይወስናል። ከዚያ ወዲህ በእስያም በአፍሪካም በብዙ አገሮች ተሠርቶበታል።

ሌላ ምሳሌ ልስጥሽ። የደቡብ አፍሪካዋ የደርባን ከተማ፣ ባሕር ዳርቻ ላይ ያለች ናት፣ ከ2000 እና 2001ዱ የኮሌራ ወረርሽኝ በኋላ በዙሪያዋ ላሉ ቤተሰቦች በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ደረቅ ሽንት ቤቶችን በነጻ ሠርታ ሰጠች። ትልቅ ሥራ ነው፣ አልክድም። ግን ብዙ ተጠቃሚ አልወደደውም፣ በውሃ የሚሠራውን ነበር የሚፈልገው፣ ይህኛው የድሃ ሽንት ቤት ነው ያለም ነበር። ሰው መጀመሪያ ካልተጠየቀ ነገሩ እንዲህ ነው።

[ቁጥር ወዳድ]

ግልጽ ነገር፣ የደርባኑ ምሳሌ እውነት ነው፣ ግን የሚያሳየው ሰዉ ስለ ምርጫው አለመጠየቁን ይመስለኛል። ነጻ መሆኑን ከዚያ ጋር አንድ አናድርገው።

ድጎማን በሚመለከት ጥሩ ሙከራ አለ። ጊተራስ፣ ሌቪንሶንና ሞባረክ እ.ኤ.አ. በ2015 ሳይንስ መጽሔት ላይ ያወጡት ነው፣ ባንግላዴሽ ገጠር ውስጥ በ380 የመንደር ማኅበረሰቦች የተሠራ። ቦታው ከባሕር ዳርቻ የራቀ ነው፣ ግን ጥያቄው ያው ነው። አንዳንዱ መንደር ቅስቀሳ ብቻ፣ አንዳንዱ ቅስቀሳና ለድሆቹ በዕጣ የሚደርስ ድጎማ፣ አንዳንዱ ምንም። ቅስቀሳ ብቻውን ያመጣው ለውጥ ይህ ነው የሚባል አልነበረም። ድጎማ የደረሳቸው ቤተሰቦች ዘንድ የደህና ሽንት ቤት ሽፋን በ22 የመቶኛ ነጥብ ጨመረ። ልብ በሉ፣ ድጎማ ያልደረሳቸው ጎረቤቶቻቸው ዘንድም በ8.5 የመቶኛ ነጥብ ጨመረ። ጎረቤቱ በራሱ ገንዘብ ሠራ ማለት ነው። ድጎማው አሰነፈ የሚለው እዚያ አልታየም።

በማኅበረሰብ መር ዘዴው ውስጥ ማፈርን እንደ መሣሪያ የመጠቀሙ ነገር ደግሞ ያሳስበኛል። ፍላጎት እያለው እጁ ያጠረውን ሰው በሕዝብ ፊት ማሳፈር ምን ይጨምርለታል? የጓሮ ኢንጂነር እንደነገረን ባሕር ዳርቻ ላይ ድሃው የሚጠየቀው የሀብታሙን ያህል ብቻ ሳይሆን ከዚያም በላይ ነው። ያንን ልዩነት የሚሸፍንለት ካልተገኘ ሌላው ቀርቶ የመሠረቱን ከፍታ እንኳ ከየት ያመጣዋል?

[ግልጽ ነገር]

ጥናቱን አነበዋለሁ፣ አመሰግናለሁ። ድጎማው ለሁሉም ሳይሆን ለድሆቹ ተለይቶ ከሆነና ሰዉ ቀድሞ ከተነጋገረበት አልቃወምም። የምቃወመው ኮንትራክተር መጥቶ ቆርቆሮ ገትሮ የሚሄድበትን ነው። በዚያ ላይ አልለወጥም።

[የውሃ ዳር እናት]

እኔ ተመራማሪ አይደለሁም። እንዲህ ዓይነት ሰፈር ውስጥ ነው የምኖረው፣ ተከራይ ነኝ። እናንተ ያልጻፋችሁት ስላለ ነው የገባሁት።

ተከራይ ለምን ያዋጣል? ሽንት ቤቱ የአከራዩ ነው። አዋጥቼ ቢሠራ፣ ግቢው ተሻሻለ ብሎ ኪራይ ይጨምርብኛል። ካልቻልኩ እወጣለሁ፣ ባዋጣሁት ሽንት ቤት ሌላ ሰው ይገባበታል። አከራዩ ደግሞ እዚህ አይኖርም፣ ስብሰባም አይመጣም፣ ሽታውም አይደርሰውም። ኮሚቴው እኔን እንጂ እሱን አይጠይቅም፣ እኔ ቅርብ ስለሆንኩ። ገቢዬ ቢጨምር እንኳ የማዋጣ አይመስለኝም፣ እውነቱን ነው የምነግራችሁ። የሚያዋጣ ሰው የሚያስፈልገው ነገ እዚሁ እንደሚኖር ማወቁ ነው። የራሳቸው ቤት ያላቸውም ቢሆኑ መሬቱ በስማቸው ካልሆነና «ለወደብ ማስፋፊያ ትነሳላችሁ»፣ «ለሆቴል ትነሳላችሁ» የሚል ወሬ ካለ ሲሚንቶ አይገዙም። እኔ ብሆን አልገዛም።

ሌላው የሴቶች ነገር ነው። ወንዶቹ ባሕር ላይ ናቸው። ቦዩን የምንጠርገው፣ የጋራውን ሽንት ቤት የምናጥበው፣ ቆሻሻውን የምናወጣው እኛ ነን። ስብሰባ ሲሆን የሚጠራው «አባወራው» ነው። ሽንት ቤቱ የት ይሁን ሲባል ሴት ብትጠየቅ ኖሮ ከጨለማው ጥግ ላይ ባልተሠራ። ማታ ልጄን ይዤ ስወጣ የእጅ ባትሪ በአንድ እጅ፣ ውሃ በአንድ እጅ፣ በሩ ደግሞ ከውስጥ አይቆለፍም፣ በእግሬ ነው ደግፌ የምይዘው። ይህን ኮሚቴው አያውቀውም፣ አንድም ሴት የለበትምና።

እህቴ፣ መጠይቅሽን ማን እንደሚመልስልሽ እዪ። ቤት ውስጥ ያገኘሽውን ወንድ «ቤታችሁ ይሳተፋል ወይ» ብትይው አዎ ይልሻል። የተሳተፈችው ሚስቱ ናት።

[የጠረፍ ተማሪ]

ሁላችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ። የውሃ ዳር እናት፣ የአንቺን ሳነብ መጠይቄን ዘርግቼ አየሁት፤ ተከራይ ወይስ ባለቤት የሚል ጥያቄ አለኝ፣ አከራዩ ግቢው ውስጥ ይኖራል ወይ የሚል ግን የለኝም። አሁን ገባ። የሚመልሰውንም ሰው ለብቻ እመዘግባለሁ፣ ከተቻለም ባልና ሚስትን ለየብቻ እጠይቃለሁ።

አካፋና መረብ፣ እንዳልከኝ ደብተሩን ፎቶ አንስቼ ከወጀቡ ወራት ጋር አስተያየሁት። ቀዩ ተበትኖ አይደለም ያለው። የዓሣ አጥማጆቹ ቤቶች ቀይ በወጀቡ ወራት ላይ ተከማችቷል። ባሕሩ በተረጋጋባቸው ወራት እነዚያው ስሞች በሰማያዊ ናቸው፣ እንዲያውም አንዳንዶቹ ያለፈውን ውዝፍ ጨምረው ከፍለዋል። ይህ ደብተሩ ላይ ተጽፎ ነበር፣ ወራቱን ከወጀቡ ጋር ያስተያየ ስላልነበረ ነው እንጂ ያልታየው። ለፀሐፊው ሳሳየው ዝም ብሎ ቆየና «እና መዋጮውን መቼ እንሰብስብ?» አለኝ። ደስ አለኝ።

በዓመት ምንም ያልከፈሉ ቤቶች ግን አሉ፣ ቁጥራቸው ጥቂት ነው። ብዙዎቹ እንደ የውሃ ዳር እናት ተከራዮች ናቸው። ከእነሱ ሌላ በሴት የሚመሩና ጀልባ የሌላቸው ቤቶች አሉ። እነዚህኛዎቹ የጉልበት ሥራው ላይ በሙሉ አሉ።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ አለ። የጋራ ሽንት ቤት የሚጠቀሙትን እንዴት ልመድባቸው? ሌላው ደግሞ፣ መዋጮው ከምን በላይ ሲሆን ነው ከሕዝቡ አቅም ውጭ የሚባለው? ኮሚቴው አሁን ትልቁን የፍሳሽ መስመርም በመዋጮ እንሥራ እያለ ነው።

[ቁጥር ወዳድ]

ለመጀመሪያው፣ የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በጋራ በሚያወጡት አመዳደብ፣ ሽንት ቤቱ ራሱ ደህና ሆኖ ከሌላ ቤተሰብ ጋር ከተጋሩት «ውስን» አገልግሎት ይባላል፣ «መሠረታዊ» የሚባለው ላይ አይደርስም። ለንጽጽር እንዲመችሽ እሱን ተከተዪ። ግን በተጨናነቀ ሰፈር ውስጥ ለሁለት ቤት የሚሆንና ቁልፍ ያለው ሽንት ቤት ከሕዝብ ሽንት ቤት ጋር አንድ መደብ ውስጥ መግባቱ ልዩነቱን ይሰውርብሻል። ስንት ቤተሰብ እንደሚጋራው፣ ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ፣ የማጽዳት ተራ አለ ወይ የሚለውን ለብቻ ያዢ። የተሳትፎ ጉዳይ የሚታየው እዚያ ነው። ተራ ያለበት ብዙ ጊዜ ንጹሕ ነው።

[አካፋና መረብ]

ለሁለተኛው እኔ ልመልስ፣ ምክንያቱም እዚህ ላይ ብዙ ሰፈር ሲጎዳ አይቻለሁ።

የኦራንጊን ነገር ፈልገሽ አንብቢ። ኦራንጊ በፓኪስታን ካራቺ ያለ ሰፈር ነው፣ ካራቺ ደግሞ የባሕር ወደብ ናት። እ.ኤ.አ. በ1980 አኽታር ሐሚድ ካን የተባሉ የልማት ሰው በኦራንጊ፣ መንግሥት ፍሳሽ ባልዘረጋለት ሰፊ የድሆች ሰፈር ውስጥ የሙከራ ፕሮጀክት ጀመሩ። ሰዉ በየጉራንጉሩ ተደራጀ፣ ተወካዩን ራሱ መረጠ፣ ገንዘቡን ራሱ ሰብስቦ ራሱ አወጣ። ፕሮጀክቱ ንድፍ፣ ቅየሳ፣ መሣሪያና ምክር ሰጠ እንጂ የሕዝቡን ገንዘብ አልነካም። ኮንትራክተር ስላልነበረና ንድፉም ስለቀለለ ወጪው በጣም ወረደ፣ ድሆቹም ቻሉት። የተማርኩበት ግን አከፋፈሉ ነው። የቤቱ ሽንት ቤት፣ የጉራንጉሩ ቱቦና የሰፈሩ ሰብሳቢ መስመር የነዋሪው ድርሻ ነው አሉ። ትልቁ መስመርና የማጣሪያ ጣቢያው የመንግሥት ነው አሉ። ሕዝቡ የድርሻውን ሠራ። ከካራቺ ግን እስከ ዛሬ ብዙ ፍሳሽ ሳይጣራ ባሕር ይገባል። ያ የነዋሪው ተሳትፎ ጉድለት አይደለም፣ በሌላኛው ወገን የተንጠለጠለ ዕዳ ነው።

ስለዚህ ለኮሚቴው የምትነግሪያቸው ከሆነ እንዲህ በያቸው። ጉራንጉሩን አዎ፣ በእጃችሁ ያለ ነገር ነው፣ የሚገባውንና የሚወጣውን በዓይናችሁ ታያላችሁ። ትልቁን መስመር በመዋጮ አትንኩት። የተዋጣው ገንዘብ መሃል ላይ ያልቅና ቱቦው የትም ሳይደርስ ይቀራል፣ ከዚያ በኋላ ለትንሹም ሥራ የሚያዋጣ አይገኝም። በዚያ ጉልበት የከተማውን አስተዳደር ወጥሮ መጠየቅ ይሻላል። እሱም ራሱ ተሳትፎ ነው፣ መጠይቅሽ ላይ አስገቢው፤ «አቤቱታ ላይ ፈርመዋል? ቢሮ ድረስ አብረው ሄደዋል?» ብለሽ። ድሃው እዚያ ላይ ስንት እንደሆነ ታያለሽ።

ተከራዮቹን በሚመለከት አንድ ቦታ የሠራነውን ልንገርሽ። አከራዩ ለዕቃው እንዲከፍል፣ ተከራዩ በጉልበት እንዲገባ፣ ለተወሰነ ጊዜ ኪራይ እንዳይጨምር በጽሑፍ አስፈረምናቸው፣ ኮሚቴውም ምስክር ሆነ። ሁሉም አከራይ አልፈረመም። የፈረሙት ግቢዎች ግን ተሠሩ።

[የጓሮ ኢንጂነር]

አንድ ነገር ልጨምር፣ ሁሉም ስለ መሥራት ነው የሚያወራው። የሚሞላውስ? ውሃ በሚገባበት መሬት ላይ ጉድጓድ ቶሎ ይሞላል። መምጠጫ መኪናው ጠባብ መንገድ ውስጥ አይገባም፣ ቢገባም ቧንቧው ከመንገዱ እስከ ቤቱ ላይደርስ ይችላል። ገንዘብ ያጠረው ቤተሰብ ዝናብ ወይም የባሕር ሙላት ጠብቆ ማታ ይለቀዋል። የሰፈሩ ሁሉ ውሃ ይበከላል፣ የከፈለውም ያልከፈለውም ይታመማል።

መዋጮው የግንባታ ብቻ ከሆነ ደብተሩ ሥራው ሲያልቅ ይዘጋል። ለማስወጫ የሚሆን፣ ባሕሩ በተረጋጋባቸው ወራት ብቻ የሚሰበሰብ ትንሽ የጋራ ቁጠባ ይጀምሩ። ፀሐፊው «መቼ እንሰብስብ» ብሎሻል አይደል፣ በዚህ ይጀምር። የመጀመሪያው ዙር ገንዘብ ደግሞ ዝቅ ያለው መሬት ላይ ላሉት ቤቶች ይዋል፣ የእነሱ ነው መጀመሪያ የሚሞላው።